ስምንት ሺህ ሰው ስንት ነው? ስለ ምርጫ ጥናት ለተጻፈ አንድ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከቴሌግራም ወደ ፌስቡክ፣ ከፌስቡክ ወደ ቤተሰብ ግሩፕ ሲዞር ከረመ። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። አንደኛው የአክስቴ ልጅ ነው። «ያንተ ሥራ እኮ ውሸት ነው ተባለ» የምትል መልእክት ጨምሮበታል፤ ከሥሯ ሦስት የሳቅ ምልክት።

ሥራዬ ዳታ ማጽዳት ነው። ሰዎች ለመጠይቅ የሰጡትን መልስ ተቀብዬ የተዘበራረቀውን አስተካክላለሁ። የጎደለውን ምልክት አደርግበታለሁ። ሌላ ሰው ከፍቶ እንዲገባው አድርጌ እጽፋለሁ። ከዚያ በፊት ቨርጂኒያ ውስጥ ማታ ማታ ስልክ እየደወልኩ ሰው እጠይቅ ነበር። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ጽሑፉ የሚከሰው የአሜሪካ ብሔራዊ የምርጫ ጥናት የሚባለውን ነው። (እዚህ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ጥናቱ በ1948 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ 662 ሰው በመጠየቅ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ በየፕሬዚዳንታዊ ምርጫው አለ። ሰው ከምርጫው በፊት ይጠየቃል፤ ከምርጫው በኋላ ያው ሰው ተፈልጎ እንደገና ይጠየቃል። ዋናው ገንዘብ ከ1977 ጀምሮ የሚመጣው ከመንግሥቱ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ነው። ጸሐፊውን ያናደዳቸው አንዱ ነገርም ይኸው ገንዘብ ይመስለኛል።

ክሳቸውን እንዳላዛባ በራሳቸው ቅደም ተከተል ላስቀምጠው። በ2020 የተጠየቀው 8,280 ሰው ነው፤ መምረጥ የሚችለው ደግሞ 240 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ይህ «ጠብታ ቀምሶ ስለ ባሕር ማውራት» ነው ይላሉ። ቀጥለው በ2016ም በ2020ም ትንበያው እንደከሸፈ ያስታውሱናል። ሦስተኛ፣ ሰው ይዋሻል። አራተኛ፣ መልሱ ከተሰበሰበ በኋላ «ክብደት» የሚባል ነገር ይጨመርበታል፤ ይህ በእሳቸው ቋንቋ «ቁጥር ማብሰል» ነው። አምስተኛ፣ ጥያቄዎቹ የአያቶቻችን ዘመን ጥያቄዎች ናቸው። ስድስተኛ፣ ያለፈ ምርጫ ዳታ ለሰባ ዓመት ማስቀመጥና መንከባከብ ብር ማቃጠል ነው። በመጨረሻም «ሐበሻ እዚህ ውስጥ የለም፤ ወደ አገራችን ቢወሰድም አይሠራም» ብለው ይዘጋሉ።

ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል። ቀልዱም ያስቃል። አንዳንዱ ክስ ግማሽ እውነት አለው፤ አንዱ ደግሞ ከግማሽም በላይ። ስደርስበት እናገራለሁ።

ከጠብታው ልጀምር። ባሕር ጨዋማ መሆኑን ለማወቅ ስንት በርሜል መጠጣት ያስፈልጋል? ጠብታ ይበቃል። ምሳሌውን የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ የሚመሰክረው ግን ለእኔ ነው።

ሰው ግን እንደ ባሕር አንድ ዓይነት አይደለም የሚሉ ይኖራሉ። ልክ ነው። ለዚህ ጤፍ ይሻላል። እህል በረንዳ ሄዳችሁ አንድ ጎበዝ ነጋዴ ተመልከቱ። ጆንያውን ዘርግፎ ፍሬ በፍሬ አይቆጥርም። ከአፉ ብቻ ዘግኖም አይገዛም፤ ሻጩ ነጩን ከላይ፣ ሰርገኛውን ከሥር ሊያደርግ እንደሚችል ያውቃል። ከላይም፣ ከመሀልም፣ ከሥርም ይዘግናል። መዳፉ ላይ በትኖ ያየዋል። ሃምሳ ኪሎም ይሁን መቶ ኪሎ፣ የሚዘግነው መጠን አይለወጥም። የሚያሳስበው ከየት ዘገንኩ የሚለው ነው።

ናሙናም እንዲሁ ነው። በዕጣ የተመረጠ አንድ ሺህ ሰው ወደ ሦስት በመቶ ከፍና ዝቅ ሊል የሚችል ግምት ይሰጣል። ያንን ስህተት በግማሽ ለመቀነስ አራት ሺህ ሰው ያስፈልጋል። ጠቅላላው ሕዝብ አሥር ሚሊዮን ይሁን ሦስት መቶ ሚሊዮን፣ ስሌቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከቁጥር አይገባም። «እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» ለሚሉትም ቀላል ሒሳብ አለ። 240 ሚሊዮንን ለ8,280 አካፍሉት። ዕጣው ከ29 ሺህ ሰው ለአንዱ ብቻ ነው የሚደርሰው። አለመጠየቅዎ የሚጠበቅ ነው።

ብዛት ብቻውን የሚያድን ቢሆን ኖሮ «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለው መጽሔት ዛሬም ይታተም ነበር። በ1936 ወደ አሥር ሚሊዮን ሰው ወረቀት ላከ። ከሁለት ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ በላይ መልስ ተመለሰለት። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን የተፎካከረው ላንደን በ57 በመቶ ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት 61 በመቶ ገደማ አግኝቶ ጠረገው፤ ላንደን የወሰደው ሁለት ግዛት ብቻ ነው። መጽሔቱ ስም ያወጣው ከመኪና ምዝገባና ከስልክ ማውጫ ነበር። በዚያ የችግር ዘመን መኪናና ስልክ የነበረው ማን ነው? በዚያ ላይ መልሶ ለመላክ የተነሣሣው ሰው ካልመለሰው የተለየ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ መጽሔቱ ተዘጋ። የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው የጋለፕ ድርጅት በዚያው ምርጫ ከዚህ እጅግ ባነሰ ሰው አሸናፊውን ለይቶ ነበር።

የምርጫ ጥናቱ ዕጣውን የሚያወጣው ከፖስታ ቤት የአድራሻ ዝርዝር ነው። ቤቱ ከወጣ በኋላ ደግሞ ከቤቱ ውስጥ አንድ ሰው በተወሰነ ደንብ ይመረጣል። በር የከፈተውን መጠየቅ አይቻልም። በር የሚከፍተው ብዙ ጊዜ ጡረታ የወጣው ሰው ነዋ! ለዚህ ዘዴ ያበጀው ሌስሊ ኪሽ የሚባል ሚሺጋን የሠራ የሃንጋሪ ተወላጅ ነው። በወጣትነቱ የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ላይ ተዋግቷል። በ1949 ያሳተመው የመምረጫ ሰንጠረዥ ዛሬም በስሙ ይጠራል። እኔ ስደውል የነበረበት ቦታ ግን ቀላሉን መንገድ ነበር የምንጠቀመው፦ «ከቤቱ ሰው በቅርብ ልደቱን ያከበረው ማን ነው?» አንድ አባወራ «እኛ ቤት ልደት አይከበርም» ብሎ ዘግቶብኛል።

ጸሐፊው ግን ያላነሡት፣ እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን የማነሣው ክስ አለ። ያ ሁሉ ስሌት ዕጣ የወጣለት ሰው ሁሉ ይመልሳል ብሎ ነው የሚጀምረው። አይመልስም። በ2020 አዲስ ከተመረጡት ውስጥ የመለሱት 37 በመቶ ገደማ ናቸው። ይህ ለዚህ ዓይነት ሥራ ጥሩ የሚባል ነው። ተራ የስልክ ጥናት ወደዚያ አይጠጋም። ቢሆንም ከመቶ ስድሳ ሦስቱ የሉም። ክርክሩ መሆን የነበረበት እነዚህ ሰዎች ማን ናቸው በሚለው ላይ ነው።

ትንበያ ከሸፈ የሚለውን ቶሎ ልለፈው፤ አድራሻ የተሳሳተ ክስ ነው። ይህ ጥናት ማን ያሸንፋል ብሎ አይተነብይም። በ2020 ከምርጫው በኋላ ያለው ጥየቃ ያለቀው ጥር 4 ቀን 2021 ነው። ውጤቱ ከታወቀ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ማንም ሰው ባለፈ ጨዋታ አይወራረድም። የጥናቱ ጥያቄ «ለምን?» ነው፦ ሰው ለምን መረጠ፣ ለምን ቀረ፣ ባለፈው ያንን መርጦ ዘንድሮ ለምን ወደዚህ ዞረ። ጋዜጣ ላይ በየሳምንቱ የሚወጣው ሌላ ሥራ ነው።

ስለዚያኛውም ቢሆን ግን እውነቱን እንናገር። በ2020 የጋዜጣ ጥናቶቹ ስህተት በአርባ ዓመት ውስጥ ያልታየ ነበር። ይህን ያለው የራሳቸው የሙያ ማኅበር ነው። በ2016 ደግሞ በአገር ደረጃ ብዙ አልራቁም። የወደቁት በግዛቶች ላይ ነው። አንዱ ምክንያት የተማረው ሰው ከሌላው ይልቅ መጠይቅ መመለስ ስለሚወድ፣ ይህንንም ብዙዎቹ ሳያስተካክሉ ስለተዉት ነው። ይህችን ያዙልኝ፤ ክብደት ላይ ስንደርስ እፈልጋታለሁ።

«ሰው ይዋሻል።» አዎ፣ ይዋሻል። በተለይ አንድ ነገር ላይ፦ ሳይመርጥ መረጥኩ ይላል። በዚህ ጥናት መረጥኩ የሚለው ሰው ድርሻ ሁልጊዜ ከእውነተኛው ቁጥር በላይ ነው። ይህን ለማወቅ ግን የጸሐፊውን ጽሑፍ መጠበቅ አላስፈለገም። በ1964 የጥናቱ ሰዎች ራሳቸው የመላሾቹን ስም ይዘው የምርጫ መዝገብ ካለበት ቢሮ ሄደው አመሳከሩ። በ1976፣ በ1978፣ በ1980፣ ከዚያም እስከ 1990 ድረስ ደጋገሙት። ማን ዋሸ፣ ምን ዓይነት ሰው ይዋሻል የሚለው ራሱ ዳታ ሆነ።

ከዚያ ጥያቄውን አስተካከሉ። እዚህ ላይ አንድ የሐበሻ ቃል ይረዳኛል፤ ይሉኝታ። ሰው የሚዋሸው ጠያቂውን ለማታለል ብሎ አይደለም። አፍሮ ነው። ስለዚህ ጥያቄው መጀመሪያ ማፈሪያውን ያነሣለታል። «ከሰዎች ጋር ስንነጋገር ብዙዎቹ ስላልተመዘገቡ፣ ስለታመሙ ወይም ጊዜ ስላላገኙ አልመረጡም» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ አራት መልስ ያቀርባል፦ አልመረጥኩም፤ ልመርጥ አስቤ ነበር፣ ግን አልመረጥኩም፤ ብዙ ጊዜ እመርጣለሁ፣ ዘንድሮ ግን አልመረጥኩም፤ እርግጠኛ ነኝ መርጫለሁ። ሁለቱ የመሀል መልሶች የክብር መውጫ በሮች ናቸው። የኛ ሽማግሌዎች ጥፋተኛን ሲያናግሩ እንደሚያደርጉት ነው፤ መጀመሪያ «መቼም ሰው ነህ» ይሉታል። ውሸቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ቀንሷል።

ወደ «ቁጥር ማብሰል» እንምጣ። ብዙ ሰው ያጨበጨበው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ።

አንድ እድር አለ እንበል። መቶ አባል፤ ሃምሳ ሴት፣ ሃምሳ ወንድ። እሑድ ስብሰባ ተጠራ። የመጡት ግን አርባ ወንድና አሥር ሴት ናቸው። ጥያቄው «ወርኃዊ መዋጮ ይጨመር?» ነው። ከወንዶቹ ሠላሳው ይጨመር አሉ። ከሴቶቹ ሁለቱ ብቻ። ዝም ብለን ከቆጠርን ከሃምሳ ሠላሳ ሁለት፣ 64 በመቶ ሆነ። አለፈ። ግን እድሩ ይህ ነው? እድሩ ግማሹ ሴት ነው። ሴቶቹ ከአምስት አንዷ ናት የደገፈችው፤ ወንዶቹ ከአራት ሦስቱ። ሁለቱን እኩል ብንመዝን 47.5 በመቶ ይሆናል። አላለፈም።

እንግዲህ የትኛው ነው የበሰለው ቁጥር? ክብደት ማለት ይኼ ነው። እዚያ የመጣችው እያንዳንዷ ሴት እንደ ሁለት ተኩል ሰው ትቆጠራለች፤ እያንዳንዱ ወንድ ከአንድ ሰው በታች። በጥናቱ ላይ ይህ በዕድሜ፣ በጾታ፣ በትምህርት፣ በዘርና በአካባቢ ይደረጋል። በ2016 ብዙ የግዛት ጥናቶች የወደቁት ትምህርትን ስላልመዘኑ ነው ብያለሁ። ማለትም ጥፋታቸው ጸሐፊው «ማብሰል» ያሉትን ነገር አለማድረጋቸው ነው።

አሁን የእሳቸውን ግማሽ እውነት ልስጣቸው፤ ከግማሽ በላይ ያልኩት ይህን ነው። ክብደት ሲሰጥ ሰው ይወስናል፤ የወሰነው ሰው ውጤቱን ይለውጣል። በ2016 ኒውዮርክ ታይምስ ጥሩ ሙከራ አደረገ። ከፍሎሪዳ የሰበሰበውን የ867 ሰው ጥሬ መልስ ለአራት የሙያው ሰዎች ቡድን ሰጠ። ያው አንድ ዳታ ነው። አንደኛው ክሊንተን በ4 ትመራለች አለ፤ ሌላው ትራምፕ በ1 ይመራል አለ። በዚያው ዓመት አንድ ሌላ ጥናት ላይ ደግሞ ኢሊኖይ የሚኖር አንድ የ19 ዓመት ጥቁር ወጣት ነበረ። እሱን የመሰለ መላሽ ስለጠፋ ከአማካዩ መላሽ እስከ ሠላሳ እጥፍ ይመዘን ነበር። ልጁ ትራምፕን ደግፎ ስለነበር መልስ በሰጠ ሳምንት ትራምፕ በጥቁሮች ዘንድ ያለው ድጋፍ ድንገት ከፍ ያለ መሰለ። ይህ ያስቃል፤ ለሙያው ሰው ግን ያማል።

ግን እነዚህን ሁለት ታሪኮች እንዴት አወቅናቸው? ጥሬው መልስ ስለተቀመጠና ሰው ከፍቶ ስላየው ነው። የምርጫ ጥናቱ ፋይል ውስጥ ክብደቱ አንድ አምድ ነው። ለብቻው ተቀምጧል። ካልፈለጋችሁት ተዉት። የራሳችሁን መሥራት ከፈለጋችሁ ሥሩ። ጸሐፊው የበሰለውን ካልወደዱ ጥሬው አጠገቡ አለላቸው።

አምስተኛው ክስ፣ ጥያቄዎቹ አርጅተዋል የሚለው፣ ለእኔ በጣም የሚገርመኝ ነው። ማርጀታቸው እኮ ነው ዋጋቸው።

ከ1964 ጀምሮ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ። መላሹ ቴርሞሜትር በሐሳቡ ይይዛል። ዜሮ ብርድ ነው፤ መቶ ሙቀት ነው። ስለ አንድ ፖለቲከኛ ወይም ፓርቲ ምን ያህል እንደሚሞቀው ወይም እንደሚበርደው በዲግሪ ይናገራል። ሞኝ የሚመስል ጥያቄ ነው። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ስቄያለሁ። ግን ይህ ሞኝ ጥያቄ ስላልተቀየረ ነው ዛሬ አንድ ትልቅ ነገር የምናውቀው። በ1978 አሜሪካዊው ለራሱ ፓርቲና ለተቃራኒው በሚሰጠው ሙቀት መካከል ያለው ልዩነት 27 ዲግሪ ገደማ ነበር። በ2020 ወደ 56 ደረሰ። ሁለት እጥፍ። አገሩ ተከፋፍሏል ብሎ በስሜት ማውራትና በቁጥር ማሳየት ልዩነቱ ይኸው ነው። መንግሥትን ምን ያህል ታምናለህ የሚለውም ከ1958 ጀምሮ አለ። ያኔ ከአራት ሦስቱ ሰው ብዙውን ጊዜ አምናለሁ ብሎ ነበር። ያንን ጥያቄ በየአራት ዓመቱ «ዘመናዊ» ቢያደርጉት ኖሮ ዛሬ የምናወዳድረው ነገር ባልኖረ።

ጥያቄ ሲቀየር ምን እንደሚሆን አይተውታል። በ1964 ስለ ፖሊሲ የሚጠይቁ አንዳንድ ጥያቄዎች አቀራረባቸው ተለወጠ። ቀድሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ተነግሮህ ትስማማለህ ወይስ አትስማማም ነበር። አሁን ሁለት ወገን ቀርቦ ምረጥ ሆነ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የመራጩ አመለካከት ድንገት እርስ በርሱ የተያያዘ፣ የሰመረ ሆኖ ታየ። ሊቃውንቱ ደስ አላቸው፤ አሜሪካዊው መራጭ ነቃ ተባለ። በ1978 ግን ሱሊቫን፣ ፒርሰንና ማርከስ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ቀላል ነገር አደረጉ። ግማሹን ሰው በድሮው፣ ግማሹን በአዲሱ አጠያየቅ ጠየቁ። ነቃ የተባለው ነገር አብዛኛው የአጠያየቁ ሥራ ሆኖ ተገኘ። ሜትሩን ቀይሮ ልጁ አደገ እንደማለት ነው።

ይህን ስል ያረጀ ጥያቄ አይነካ ማለቴ አይደለም። የሞተ ጉዳይ ላይ የሚጠይቅ ጥያቄ ይወጣል። አዲስም ይገባል። ግን መጀመሪያ በትንሽ የሙከራ ጥናት ተፈትኖ ነው የሚገባው።

ስድስተኛው ክስ በቀጥታ ወደ እንጀራዬ ይመጣል፤ ስለዚህ ካደላሁ ይቅርታ። ያለፈ ምርጫ ዳታ መንከባከብ ምን ይጠቅማል? ጸሐፊው ዳታን እንደ ፎቶ አልበም ነው የሚያስቡት። አንዴ ከተለጠፈ አለቀ። እንደ ቤት ቢያስቡት ይሻላል፤ ጣሪያው ካልታየ ያፈሳል።

ሬንክዊስት የተባሉ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ነበሩ። በ2000 ጥናት ላይ ሰው «ዊልያም ሬንክዊስት አሁን ሥራቸው ምንድን ነው?» ተብሎ ተጠየቀ። በትክክል መለሱ የተባሉት ከአሥር አንድ ያህል ብቻ ናቸው። ጉድ ተባለ። አሜሪካዊ ፍርድ ቤቱን አያውቅም ተብሎ ተጻፈ፣ ተሰበከ። ጊብሰንና ካልዴራ የተባሉ ሁለት ምሁራን ግን ጥርጣሬ ገባቸው። መላሾቹ በራሳቸው አፍ የተናገሩትን ጽሑፍ አስወጥተው አነበቡ። መልሶቹን ትክክል ወይም ስህተት ብለው የሚመድቡት ሠራተኞች ትክክል የሚሉት መልሱ «ዋና ዳኛ» የሚለውንም «ጠቅላይ ፍርድ ቤት» የሚለውንም አሟልቶ ሲይዝ ብቻ ነበር። «የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ ዋናው» ያለ ሰው ሳይቀር ስህተት ተብሎ ተመዝግቧል! ጥናቱ ራሱ ችግሩን አምኖ አሳወቀ። በ2008 ሰው በራሱ ቃል የሰጣቸውን መልሶች የሚመድብበትንም መንገድ እንደ አዲስ ሠራው።

ይህ ለጸሐፊው ጥሩ ጥይት ይመስላል። ውሰዱት፣ ስህተቱ እውነት ነው። ግን ያ ሰው የተናገረው ዓረፍተ ነገር ባይቀመጥ ኖሮ ማን ያውቅ ነበር? ዜሮና አንድ ብቻ ቢቀሩ «አሜሪካዊ መሃይም ነው» የሚለው ለዘላለም እውነት ሆኖ ይቀር ነበር። የተረፍነው አንድ ሰው የወረቀቱን ክምር ስላልጣለው ነው።

ሌላም ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ትንሽ ናት፣ ግን እወዳታለሁ። የጥንቱ ዳታ የተያዘው በተበሳ ካርድ ላይ ነው። ካርዱ ላይ ቦታ ውድ ስለነበር ለቴርሞሜትሩ ሁለት አሃዝ ብቻ ተሰጠው። በሁለት አሃዝ ደግሞ 100 አይጻፍም። 98 እና 99 «አላውቅም» እና «መልስ የለም» ለሚሉት ተያዙ። ስለዚህ የሁሉንም ዓመታት ዳታ በሚያጣምረው ፋይል ውስጥ ዛሬም ድረስ ከፍተኛው ሙቀት 97 ነው። ከ97 እስከ 100 ያለው ሁሉ እዚያ ተጠቅልሏል። ፖለቲከኛውን መቶ በመቶ ያፈቀረ ሰው ሦስት ዲግሪ ተቀንሶበታል። የካርድ ዘመን አልፎ ቅርሱ ቀረ። ይህን የሚነግራችሁ ከዳታው ጋር ያለው ኮድቡክ ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳው መጽሐፍ። ኮድቡክ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ደሞዝ ይፈልጋል።

ያለዚያ ምን እንደሚሆን እኔው ምስክር ነኝ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለመለማመድ ይህንኑ የ2020 ፋይል አወረድኩ። የአንዱን ፖለቲከኛ አማካይ ሙቀት አሰላሁ። ከመቶ በላይ ወጣ። ከመቶ በላይ በማይሄድ ቴርሞሜትር! ግማሽ ቀን ኮምፒውተሩን ስወቅስ ዋልኩ። ለካ በዚህ ፋይል «አላውቅም» 998፣ «ይህን ሰው አላውቀውም» ደግሞ 999 ተብሎ ነው የተጻፈው። እኔ የማያውቁትን ሰዎች ሁሉ በፍቅር እንደነደዱ ቆጥሬያቸዋለሁ። አለቃዬ ስታየው ምንም አላለችኝም። ኮድቡኩን አትማ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

የመጨረሻው ክስ ይቀራል፤ ሐበሻ የለም የሚለው። ለስሌት ያህል አሜሪካ ውስጥ ሦስት መቶ ሺህ ኢትዮጵያዊ አለ ብንልና ሁሉም ዜጋና አዋቂ ቢሆን፣ ከ8,280 ሰው የሚደርሰን አሥር ሰው ነው። ጥናቱ የሚጠይቀው ግን ዜጎችን ብቻ ነው፤ ልጆችም አይቆጠሩም። ስለዚህ ከዚያም ያነስን ነን። በጥቂት ሰው ስለ ሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ መናገር አይቻልም። ጥናቱም አይናገርም። ለዚህ መፍትሔው አንድን ማኅበረሰብ ለብቻው በብዛት መጠየቅ ነው። በ1984 ሚሺጋን ለጥቁር አሜሪካውያን የተለየ የምርጫ ጥናት የተደረገው ለዚህ ነው። የኛን የሚሠራ ሰው ከተነሣ እኔ በነፃ አጸዳለታለሁ።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበት ሌላ ነጥብ አለ፤ እሳቸው ሳይሉት እኔ ልበለው፦ ቋንቋ። የዋሽንግተን ዲሲ የምርጫ ቢሮ የአማርኛ ጽሑፍ ያቀርባል። ጥናቱ ግን የሚጠይቀው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። በስልክ በምጠይቅበት ጊዜ፣ ለሌላ ድርጅት ሌላ ጥናት ላይ፣ አንዲት እናት ስልኩን አነሡ። በእንግሊዝኛ ጀመርኩ። «የኔ ልጅ፣ አልሰማህም» አሉኝ በአማርኛ፣ ከልማድ ይመስለኛል። «እማማ፣ ሐበሻ ነኝ» አልኳቸው። ደስታቸው! ከየት እንደሆንኩ፣ እናቴ በሕይወት እንዳለች ጠየቁኝ። እኔ ግን መጠየቅ አልቻልኩም። ጥያቄውን በራስ አፍ መተርጎም ክልክል ነው። ምክንያቱም እኔ የምተረጉመው ቃልና ሌላው የሚተረጉመው ይለያያል። ደንቡ ትክክል ነው። ቅር ብሎኝ ተሰናበትኳቸውና «የቋንቋ ችግር» የሚለውን ኮድ አስገባሁ። ያ ኮድ ግን ፋይሉ ውስጥ አለ። ስንት እማማ እንደቀሩ መቁጠር ይቻላል።

«አገራችን ቢወሰድ አይሠራም» ላሉት ደግሞ፣ ተወስዷል። በአፍሪካ አገሮች የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው አፍሮባሮሜትር በ2013 ኢትዮጵያ ውስጥ 2,400 ሰው ጠይቋል። ችግሩ ቀላል አይደለም። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የ2007 ነው፤ ዕጣ የሚወጣበት ዝርዝር ከዚያ ወዲህ እያረጀ ነው። አድራሻ ማለት «ከማደያው ጀርባ፣ ሰማያዊው በር» በሆነበት አገር ፖስታ ቤት ዝርዝር የለውም፤ ጠያቂው በእግሩ ቤት እየቆጠረ ነው የሚሄደው። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ፍርሃት ነው። አፍሮባሮሜትር ለዚህ አንድ ብልህ ጥያቄ አለው። ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ «ማን የላከን ይመስልሃል?» ብሎ ይጠይቃል። በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ሰው መንግሥት ነው አለ። ስለዚህ «በመንግሥት ደስተኛ ነኝ» የሚለውን መልስ ስታነቡ ይህችን አምድ አጠገቡ አድርጋችሁ ታነቡታላችሁ። ፍርሃቱ ዳታውን አበላሸው ማለት ይቻላል። ፍርሃቱም ግን ተለክቶ ተቀምጧል።

ጸሐፊው በጽሑፋቸው መጨረሻ «ይህን ዳታ ያየ አለ?» ብለው ጠይቀዋል። ፋይሉ ነፃ ነው። ኢሜይል አስመዝግበው ያወርዱታል፤ የሰው ስምና አድራሻ የለበትም። ከወደዱ አብረን እናየዋለን፤ ቡናው በእኔ። ብቻቸውን ከጀመሩ ግን ከማንኛውም ሒሳብ በፊት 998ንና 999ን ያውጡ።